ከከተማይቱ በስተ ምሥራቅ ተቀምጦ ወሬ መጠበቅ



ባለፈው ዓመት የጸደይ ወራት ከሜሪላንድ አንድ መልእክት ደረሰኝ። የላከችልኝ የድሮ ቤተ ክርስቲያናችን እኅት ናት። አንድ ወንድም ከሥራ መቀነሱን ትነግረኛለች። ከፌዴራል መንግሥት ጋር በውል የሚሠራ ድርጅት ውስጥ ዐሥራ አራት ዓመት የሠራ ሰው ነው። እዚህ ጋሼ እያልሁ እጠራዋለሁ፤ በሕይወቴም የምጠራው እንደዚያው ነበር። አዲሱ አስተዳደር የመንግሥት ውሎችን ሲሰርዝና ሠራተኛ ሲቀንስ እርሱም አብሮ ተቀነሰ። እኅት መልእክቷን «በጸሎት አስቡት» ብላ ጨርሳለች።

እውነቱን ልንገራችሁ። ከጸሎት በፊት ከልቤ የወጣው ቃል «የእጁን አገኘ» የሚል ነው። ጋሼ በምርጫው ለማን ድምፅ እንደ ሰጠ አውቃለሁ፣ በጾምና በጸሎት እንደ ሰጠም አውቃለሁ። እኔ ቶሮንቶ፣ ሞቅ ያለ ቤቴ ውስጥ፣ ሻዬን ይዤ፣ አንድ የስድሳ ዓመት ሰው ሥራ በማጣቱ ደስ አለኝ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ስለዚያ ደስታ ነው።

ነገሩ እንዲገባችሁ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ2002 በዲቪ አሜሪካ ገባሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የኖርሁት፤ ልጆቼም እዚያ ተወለዱ። በ2008 ቀኝ እጄን አንሥቼ ምዬ ዜጋ ሆንሁ፣ በዚያው ዓመትም ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ሰጠሁ። ያደግሁት ድምፅ የሚቆጠርበት ምርጫ ባልነበረበት አገር ስለሆነ፣ ከምርጫ ጣቢያ ስወጣ ደረቴ ላይ የለጠፍኋትን ትንሽ ተለጣፊ ወረቀት መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ አስቀምጬ ለብዙ ዓመት አቆይቻታለሁ። በ2018 ግን ባለቤቴንና ልጆቼን ይዤ ወደ ካናዳ ተሻገርሁ። ለሰው የምለው «የባለቤቴ እኅት ቶሮንቶ ስላለች ነው» ነበር። እውነት ነው፣ አለች። ግን በምክንያትነት ያቀረብኋት እኔ እንጂ ምክንያቱ እርሷ አልነበረችም።

በ2016 የምርጫው ሌሊት የካናዳ የኢሚግሬሽን ድረ ገጽ በጎብኚ ብዛት ተጨናንቆ መከፈት አቅቶት እንደ ነበር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ከነካኩት አንዱ እኔ ነኝ። የሚነካካው ብዙ ነበር፤ ጓዙን ጠቅልሎ የወጣው ግን ጥቂት ነው። እኔ ከጥቂቶቹ ሆንሁ፣ ለዚህም ለራሴ ትልቅ ማዕረግ ሰጠሁት።

ያስወጣኝ መንግሥት ብቻ አልነበረም። ቤተ ክርስቲያን ነው። ከነጮቹ ወንጌላውያን ከዐሥሩ ስምንቱ ያህል ለትራምፕ ድምፅ እንደ ሰጡ በ2016 ከምርጫ ጣቢያ በር ላይ የተሰበሰበው መጠይቅ አሳይቷል። እኛ ሐበሾቹ እዚያ ቁጥር ውስጥ የለንበትም፣ ክርክሩ ግን ወደ እኛም አዳራሽ ገባ። አንዱ ወገን ስለ ማኅፀን ልጆች፣ ስለ ዳኞች ሹመት፣ ስለ እስራኤል ያነሣል። ሌላው ስለ ስደተኛ፣ ስለ ድሀ፣ ከመሪ አፍ ስለሚወጣ ቃል ያነሣል። ሁለቱም ጥቅስ አለው። በ2017 ጃንዋሪ የሰባት አገሮች ዜጎች እንዳይገቡ ሲታገድ፣ ጎረቤቶቻችን ሱዳንና ሶማሊያ ከውስጡ ነበሩ። በዚያ ሰሞን በጸሎት ቡድናችን የስልክ መልእክት መድረክ ላይ ጋሼን «ጌታህን በፖለቲከኛ ለወጥህ» ብዬ ጻፍሁበት። አርባ ሰው እያነበበ። በመጣሁ በሁለተኛው ሳምንት የክረምት ኮት የገዛልኝን ሰው። እርሱ «ጌታ ይባርክህ» ብሎ መለሰ። እኔም ከቡድኑ ወጣሁ፣ ቀጥሎ ከአጥቢያው፣ ቀጥሎ ከአገሩ።

ለሰው ከአገር መውጣት ኃጢአት ነው እያልሁ አይደለም። አብርሃምም ወጥቷል፣ ዮሴፍና ማርያም ሕፃኑን ይዘው ወደ ግብፅ ሸሽተዋል። በፖለቲካ ምክንያት ከአሜሪካ ወደ ካናዳ መሻገርም የኔ ፈጠራ አይደለም። በነጻነቱ ጦርነት ጊዜ ለእንግሊዝ ንጉሥ የታመኑት በአሥር ሺዎች ተሻግረዋል። ከባርነት ያመለጡ ጥቁሮች በሌሊት ኮከብ እያዩ ተሻግረዋል። በቬትናም ጦርነት ጊዜም ለውትድርና የተጠሩ ወጣቶች እንዲሁ። ፕሬዚዳንት ካርተር በጃንዋሪ 21 ቀን 1977፣ ሥልጣን በያዙ ማግሥት፣ ለነዚህ ወጣቶች ምሕረት አደረጉ፤ ብዙዎቹ ግን አልተመለሱም። ቤት ሠርተዋል፣ አግብተዋል፣ ልጆቻቸው በበረዶ ላይ መንሸራተት ለምደዋል። ይህን ሳነብብ ለራሴ ያሰብሁት «አራት ዓመት ብቻ» የሚለው ቀጠሮ አሳቀኝ።

አዎ፣ አራት ዓመት ብዬ ነበር። «ይሄ ሰውዬ ይለፍና እንመለሳለን።» በኤርምያስ ምዕራፍ 28 ላይ ሐናንያ የሚባል ነቢይ አለ፤ ወደ ባቢሎን የተወሰደው ሁሉ በሁለት ዓመት ውስጥ ይመለሳል ብሎ በሕዝብ ፊት ተናገረ። ሕዝቡ ምን ያህል እንደ ወደደው መገመት አያቅትም። የኤርምያስ ቁጥር ግን ሰባ ነበረ። ለምርኮኞቹ በላከው ደብዳቤ ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ፣ ለተወሰዳችሁባትም ከተማ ጸልዩ አላቸው። ስደተኛ ሁሉ በልቡ አንድ ሐናንያ አለው። የኔ ሐናንያ በ2020 ምርጫ እልል አለ፣ በ2024 ምርጫ ድምፁ ጠፋ። በመካከሉ ስድስት ዓመት አንድም ዛፍ አልተከልሁም። ሶፋ እንኳ ያገለገለ ነው የገዛሁት፣ «ለጊዜው» እያልሁ።

ስለዚህ አገር ደግሞ በሐቅ ልናገር። ልጄ በጥኑ ታሞ ሆስፒታል በተኛበት ጊዜ ስንወጣ የሚከፈል ሒሳብ አልነበረም። ሜሪላንድ ሳለን የሆስፒታል ፖስታ ሲመጣ ባለቤቴ ሳትከፍተው ጠረጴዛ ላይ ታሳድረው ነበር፤ ያንን ፍርሃት ለማያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት ይከብዳል። ግን ደግሞ የቤተሰብ ሐኪም ለማግኘት ሁለት ዓመት ጠብቀናል። የቤት ዋጋና ኪራይ አይነሣ። ትምህርት ቤት ውስጥ በሩን ዘግቶ መብራት አጥፍቶ የመደበቅ ልምምድ ከአሜሪካ ጋር የቀረ መስሎኝ ነበር፤ የመጀመሪያው ሴሚስተር ሳያልቅ ልጄ «እዚህም እንደበቃለን» አለኝ። በ2016 ሕግ ሆኖ በ2021 ደግሞ ሞታቸው ላልቀረበ ሕሙማን ሳይቀር የተፈቀደው በሐኪም እርዳታ የመሞት ሕግም አለ። ስለ ሕይወት የሚከራከር ክርስቲያን ከአሜሪካ ክርክር ሸሽቶ እዚህ ሲመጣ ሌላ ክርክር ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። ካናዳ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ተራ ሰዎችና አብያተ ክርስቲያናት ስደተኛን በራሳቸው ገንዘብ የሚያስመጡበት ሥርዓት አላት፤ ብዙ ሐበሻ ከሱዳንና ከኬንያ የመጣው በዚህ በር ነው። እኔም በአሜሪካ ወንድሞች ፊት በዚህ ስመጻደቅ ኖሬያለሁ። በ2024 መጨረሻ ላይ ግን አምስት ሆነው ለሚያመለክቱ ቡድኖች አዲስ ማመልከቻ መቀበል ቆመ። በጥቂት ሳምንታት ልዩነት፣ በጃንዋሪ 2025፣ አሜሪካም የስደተኞች አቀባበሏን አገደች። ስለ አሜሪካው ሦስት ጊዜ በንዴት ጻፍሁ። ስለ ካናዳው ምንም አልጻፍሁም።

አየርሽን ለወጥሽ እንጂ ቁስልሽን አልጣልሽም ያለችኝ ባለቤቴ ናት። እርግጥ ያለችው ለእኅቷ ነው፤ እኔ ግን ሰማሁ።

አሜሪካ ደግሞ ዜጋዋን ዝም ብላ አትለቅም። በዜግነት ብቻ፣ የትም ብትኖር፣ የገቢ ግብር ማስታወቂያ አምጣ የምትል አገር ናት። በዚህ ከአሜሪካ ጋር የምትጠቀሰው ኤርትራ ብቻ መሆኗን ስነግር ሐበሻ ሁሉ ይስቃል። በየዓመቱ ለካናዳም ለአሜሪካም ቅጽ እሞላለሁ፤ እዚህ የከፈልሁት ስለሚታሰብልኝ ለአሜሪካ የምከፍለው አብዛኛውን ጊዜ ምንም ነው፣ ቅጹ ግን ይሞላል። ውጭ ባሉኝ የባንክ ሒሳቦች ያለው ገንዘብ ተደምሮ በዓመቱ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፈ ያም ለብቻው ይገለጻል። ዜግነቴን ልመልስ ብል እንኳ ለዓመታት የማስመለሻው ክፍያ 2,350 ዶላር ነበር። አንድ ጊዜ በንዴት አስቤው ነበር፤ ያስቀረኝ ሐሳቡ ይሁን ዋጋው አሁንም አላውቅም።

ከዚያ 2025 መጣ። ካናዳ 51ኛ ግዛት ትሁን የሚል ንግግር፣ ታሪፍ፣ የተቆጣ ሕዝብ። ቶሮንቶ ውስጥ በቅርጫት ኳስ ጨዋታ ላይ የአሜሪካ ብሔራዊ መዝሙር ሲዘመር ሕዝቡ በጩኸት አወገዘ። የመንግሥት መጠጥ መሸጫዎች የአሜሪካን መጠጥ ከመደርደሪያ አወረዱ፤ ለማንጠጣው ለእኛ እንኳ ዜና ሆነ። ሱቆች የካናዳ በሆነው ዕቃ ላይ የሜፕል ቅጠል ለጠፉ። አንድ ቀን ጎረቤቴ፣ መልካም ሰው ነው፣ በረዶ ስንጠርግ «እናንተ ሰዎች ምን ነካችሁ?» አለኝ። «እናንተ» ሲል እኔን ጨምሮ ነው። እኔም ሰባት ዓመት ስረግማት የኖርሁትን አገር አካፋዬን ተደግፌ መከላከል ጀመርሁ። ስለ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤተ መጻሕፍት፣ በጨለማ ተነሥቶ አውቶቡስ ስለሚነዳው ጎረቤቴ፣ እንግሊዝኛ ስላስተማረችኝ ጡረተኛ አስተማሪ ነገርሁት። ድምፄ ተንቀጠቀጠ። ያን ጊዜ ነው አገሪቱን እወዳት እንደ ነበረ ያወቅሁት። የጋሼ ወሬ የመጣውም በዚያው ሰሞን ነው፤ አገሪቱን በተከላከልሁበት አፍ ነው «የእጁን አገኘ» ያልሁት።

ያን ሌሊት ያነበብሁት ዮናስ ምዕራፍ 4ን ነው። ብዙ ጊዜ ስለ ዓሣው እንሰብካለን፤ እኔ ግን ዮናስ ከነነዌ ወጥቶ፣ ከከተማይቱ በስተ ምሥራቅ ዳስ ሠርቶ፣ በጥላው ተቀምጦ ምን እንደሚደርስባት ሊያይ የጠበቀበት ቦታ ላይ ቀረሁ። ሰውየው መልእክቱን አድርሷል። ሥራው አልቋል። ታዲያ ለምን ወደ ቤቱ አይሄድም? ከተማይቱ ካልጠፋች የእርሱ ትክክለኛነት አይታይለትም፤ ለዚህ ነው። እኔም ከሄድሁ በኋላ አሜሪካ ደኅና ከሆነች መሄዴ ምን ትርጉም አለው? ክፉ ወሬ ያስፈልገኝ ነበር። በየማለዳው ስልኬን የምከፍተው እርሱን ፍለጋ ነው። ሲገኝ አዘንሁ እላለሁ፣ ለሰው አካፍላለሁ፣ ውስጤ ግን ይረካል። ዳሴ የሞቀ ነው፣ ቅሌም ገና አልደረቀችም ነበር።

ይህን በሌሎችም አየዋለሁ፣ ስለዚህ ይቅርታ አድርጉልኝና ሁላችንንም ልንካ። ከአዲስ አበባ ወጥተን ስለ ኢትዮጵያ እንዲሁ አድርገናል። ያለነው ዋሽንግተን ይሁን ፍራንክፈርት፣ ቴል አቪቭ ይሁን ዱባይ፣ የተውነው ቦታ ሲከፋ ልባችን «ብዬ ነበር» ይላል። የቆየውን ሰው ወይ ሞኝ ወይ ክፉ እናደርገዋለን፤ ሌላ ምክንያት እንዲኖረው አንፈቅድም። ጋሼ የቆየው እናቱ እዚያ ስላሉ ነው፣ ድምፁን የሰጠው ደግሞ በሕሊናው ነው። በውሳኔው አሁንም አልስማማም። ስደተኛውን መንካት ጌታን መንካት ነው ብዬ አምናለሁ፣ ይህንንም በግልጽ እላለሁ፣ ነገም እጽፈዋለሁ። ግን አለመስማማት አንድ ነገር ነው፣ የወንድምን ውድቀት መጠበቅ ሌላ።

ወደ ውጭ የወጣ ሰው ስለ ተወው አገር ፖለቲካ ዝም ይበል የሚሉ አሉ። እዚህ ላይ እለያለሁ። ጳውሎስ ሮማዊነቱን አልጣለም፤ በፊልጵስዩስ ያለ ፍርድ ሲገርፉት ዜግነቱን አንሥቶ ሹማምንቱን አስፈራራ፣ በኋላም ወደ ቄሣር ይግባኝ አለ። ዜግነታችን በሰማይ ነው የሚለውን አሳብ የጻፈውም ለእነዚያው ለፊልጵስዩስ ሰዎች ነው። ፊልጵስዩስ ደግሞ ጡረታ የወጡ ወታደሮች የሰፈሩባት የሮም ቅኝ ከተማ ነበረች፤ ከሮም እጅግ ርቀው በሮማዊነታቸው የሚኮሩ ሰዎች ከተማ። ስለዚህ ያ ቃል ምድራዊውን ዜግነት ወርውር አይልም፤ ከየትኛው በታች እንደሚቀመጥ ያሳያል እንጂ።

እናም ድምፅ እሰጣለሁ። ውጭ ያሉ ሲቪሎች በፌዴራል ምርጫ በፖስታ ድምፅ የመስጠት መብታቸውን የሚያስጠብቅ ሕግ ከ1986 ጀምሮ አለ፤ በጊዜ ላመለከተ ሰው ወረቀቱ ከምርጫው 45 ቀን በፊት ሊላክለት ይገባል። የሚቆጠረው በመጨረሻ በኖርህበት ቦታ ነው፣ ለኔ ሜሪላንድ። ሜሪላንድ ከ1992 ወዲህ በፕሬዚዳንት ምርጫ አንድ ፓርቲን ብቻ ስለ መረጠች የኔ አንድ ድምፅ ነጩ ቤት ማን እንደሚገባ አይወስንም፤ ይህን የሚነግሩኝ ልጆቼ ናቸው። ይሁን። የዜግነት ግዴታን ውጤቱን አይቶ ብቻ የሚፈጽም ሰው ጸሎትንም እንዲሁ ያደርገዋል።

ስለ ጸሎት ካነሣሁ አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ ባለን አጥቢያ እሑድ እሑድ ለኢትዮጵያና ለካናዳ እንጸልያለን። አሜሪካ ተነሥታ አታውቅም፤ ከመካከላችን የአሜሪካ ፓስፖርት የያዝን ብዙ ነን። የራሴን የግል ጸሎት ስመረምር ደግሞ አንዱን ፕሬዚዳንት በስሙ ስጠራው፣ ሌላውን «መሪዎችን» እያልሁ በጅምላ ሳልፈው ኖሬያለሁ። ጢሞቴዎስ ስለ ነገሥታት ልመና ይደረግ የሚለው መልእክት ሲጽፉለት በሮም ዙፋን ላይ የነበረው ኔሮን መሆኑን ብዙዎች ይናገራሉ። አሁን በስም እጠራለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ጥርሴን ነክሼ ነበር፤ አሁንም አንዳንድ ቀን እነክሳለሁ።

ለጋሼ የደወልሁት መልእክቱ ከደረሰኝ ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነው። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ቁጥሩ ተቀይሮ ይሆናል እያልሁ። አልተቀየረም።

«አቤት?»

ስሜን ነገርሁት። ዝም አለ። ከዚያ «አንተ ልጅ፣ ደኅና ነህ? ልጆቹስ?» አለኝ።

ይቅርታ ለመጠየቅ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፣ ከግማሹ አልዘለቀም። ያን ቀን በአርባ ሰው ፊት ያዋረድሁት መሆኑን፣ ሥራ ማጣቱን ስሰማም ምን እንደ ተሰማኝ፣ ሁለቱንም ነገርሁት። ሁለተኛውን መናገር አልነበረብኝም ይሆናል። ለረጅም ጊዜ ሲተነፍስ ብቻ ይሰማኛል።

«እኔም አንተ ስትሄድ» አለ በመጨረሻ፣ «ይሂድ፣ እዚያም አይቀናውም ብዬ ነበር። ለሁለት ቀን ያህል። ከዚያ ኮቱ ትዝ አለኝ።»

ስለ ፖለቲካ አልተነጋገርንም አልልም፤ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ጀመርነው፣ ድምፃችንም ከፍ ብሎ ነበር። በድምፁ እንደማይጸጸት ነገረኝ፣ በአንዳንዱ ነገር ግን ልቡ እንዳዘነ። እኔም ካናዳ የተስፋይቱ ምድር እንዳልሆነች ነገርሁት፣ ይህንን ለርሱ መናገር ምን ያህል እንደ ከበደኝ ጌታ ያውቃል። ለባለቤቱ መድኃኒት የሚከፍለው ኢንሹራንስ ከሥራው ጋር አብሮ መሄዱን ሲነግረኝ ግን ሁለታችንም ፖለቲካውን ተውነው። ከባለቤቴ ጋር ተመካክረን የምንችለውን ላክን፤ አሁን በትንሽ ደመወዝ ሌላ ሥራ ይዟል።

የዚህ ዓመት ኖቬምበር የምክር ቤት ምርጫ ስላለ፣ ውጭ ያለ መራጭ የሚሞላው ማመልከቻ ጠረጴዛዬ ላይ አለ። ከላይ አካባቢ አንድ ጥያቄ አለው፤ ውጭ የምትኖር ዜጋ ሆነህ ልትመለስ ታስባለህ ወይስ መመለስህ እርግጠኛ አይደለም ይላል። ሁለት ትንንሽ ሳጥኖች። እስከ ዛሬ ሳላስብ «እመለሳለሁ» ላይ ምልክት አድርጌ እልክ ነበር፤ ሐናንያዬ ነበር የሚሞላልኝ። ባለፈው ሳምንት ለጋሼ በስልክ አነበብሁለት፣ የቱን ላድርግ ብዬ።

«እውነቱን ነዋ» አለኝ። «ባትመለስም ግን ለፋሲካ ና፣ ቤት አለህ።»

ግንቦት ሲገባ ከጓሮ አንድ የፖም ችግኝ ልንተክል ጉድጓዱን ለክተናል። ሳጥኑን ገና አልሞላሁም።